ከነፃነት ቀን በፊት የነበረው ሕይወት፤ በኦኔሲሞስ ነሲብና በአስቴር ጋኖ ታሪክ አጻጻፍ ላይ የቀረበ ሂስ
በወለጋ የዘመናዊ ትምህርት ታሪክ በተነሣ ቁጥር የኦኔሲሞስ ነሲብ ስም ይጠራል። የሕይወት ታሪካቸው የሚቀርብበት መንገድ ግን ከሞላ ጎደል አንድ ዐይነት ነው። በሕፃንነታቸው ተፈንግለው ተሸጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጡ፤ በ1899 መላውን መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ አሳተሙ፤ በ1904 ነቀምቴ ገብተው ማስተማር ጀመሩ፤ በ1931 ዐረፉ። ከ1870 በፊት የነበረው ዘመን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ጉድለቱም እዚህ ላይ ነው።

የጉድለቱ ምንጭ የሰነዶቹ ባሕርይ ነው። ስለ እነዚህ ሰዎች በብዛት የጻፉት በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ትምህርት ቤት የነበራቸው የስዊድን ሚሲዮናውያን ናቸው። ለእነርሱ ታሪኩ የሚጀምረው ልጁ በእጃቸው ከገባበት ቀን ነው። መዝገቡን ብቻ የሚከተል ጸሐፊም የአዳኙን ሥራ እንጂ የተሸጠውን ሰው ሕይወት አይጽፍም። ስሙ ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። ኢሉባቦር ውስጥ በሁሩሙ አካባቢ የተወለዱት ሕፃን ሂካ ይባሉ ነበር፤ በ1872 ሲጠመቁ ግን ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ፊልሞና በላከው ባሪያ ስም ተጠሩ። ታሪክ ያቆየው ሁለተኛውን ስም ነው።

ይሁን እንጂ መዝገብ ዝም ባለበት ቋንቋ ይናገራል። ኦኔሲሞስ ገና በሕፃንነታቸው ከአገራቸው በመነጠቃቸው ለትርጉም ሥራ የሚበቃ የኦሮምኛ ቃላት ሀብት አልነበራቸውም። ይህን የሞሉላቸው በሊሙ ኤናርያ በባርነት የወደቁትና በ1886 በባሕር ሲወሰዱ በኢጣልያ መርከብ ነፃ የወጡት አስቴር ጋኖ ናቸው። አስቴር 15,000 ያህል ቃላት ሰበሰቡ፤ 500 ያህል ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገር፣ እንቆቅልሽና ዘፈን በጽሑፍ አኖሩ። ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ ውስጥ ገቡ። የአንዳቸው ጉድለትና የሌላቸው ሙላት፣ እያንዳንዳቸው ከወገን የተነጠቁበት ዕድሜ የተለያየ መሆኑን ይመሰክራል። ማንበቢያውም የፊደል መቁጠሪያ ብቻ ሳይሆን አንዲት ልጅ ከመሸጧ በፊት ምን እየሰማች እንዳደገች የሚያሳይ ሰነድ ነው።

የተሻለ መዝገብ ሊኖር እንደሚችልም ማስረጃ አለ። ከባሪያ ነጋዴዎች ጀልባ ነፃ ወጥተው በ1890 ደቡብ አፍሪካ ሎቭዴል ትምህርት ቤት የገቡት 64 የኦሮሞ ልጆች ስለ ወላጆቻቸው፣ ስለ መንደራቸው፣ ስለ ተያዙበት ሁኔታና ስለ ተጓዙበት መንገድ አንድ በአንድ ተጠይቀው ቃላቸው ተጽፏል። ሳንድራ ሼል በ2018 ያሳተመችው መጽሐፍ የእያንዳንዱን ልጅ ጉዞ ሊከታተል የቻለው ከዚህ የተነሣ ነው። ልዩነቱ ጠያቂ መገኘቱ ነው።

ለመምህሩ የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ተማሪዎች የነፃነቱን ቀን ብቻ ሳይሆን መዝገቡን ማን እንደ ጻፈውና ከየት እንደ ጀመረው ይጠይቁ። ለዕቅድ አውጪው ደግሞ ሌላ ሥራ አለ። ማንበቢያው የታተመው በግዕዝ ፊደል ሲሆን፣ የዛሬው የነቀምቴ ተማሪ ኦሮምኛን የሚያነበው በቁቤ ነው። በመሆኑም መጽሐፉ በቁቤ ተገልብጦ፣ የአስቴርም ድርሻ በስማቸው ተለይቶ ለትምህርት ቤቶች ካልቀረበ በቀር፣ ለወለጋ ልጆች የተዘጋጀው ሥራ ለወለጋ ልጆች ዝግ ሆኖ ይቀራል።