የትኛው ሕግ ነው፣ የትኛው ልማድ?

በእንግሊዝኛ የጻፉትን እንዳርምላቸው የሚያመጡልኝ ሰዎች አብዝተው የሚጠይቁኝ ሁለት ነገር ነው። ዓረፍተ ነገር በመስተዋድድ ያልቃል ወይ? በ«ቱ» እና በግሱ መካከልስ ተውሳከ ግስ ይገባል ወይ? ሁለቱንም ክልክል ነው ሲባሉ አድገዋል።

የመጀመሪያውን ገጣሚው ጆን ድራይደን እ.ኤ.አ. በ1672 ቤን ጆንሰንን ሲተች አነሣው፤ ሁለተኛውን ሄንሪ አልፎርድ በ1864 ባሳተመው መጽሐፍ ነቀፈው። እንግሊዝኛ እንደ ፈረንሳይኛ አካዳሚ የለውም። ጆናታን ስዊፍት በ1712 እንዲቋቋም ቢወተውትም ሳይሆን ቀረ። ስለዚህ የአንድ ሰው ምርጫ ሲደጋገም ሕግ መስሎ ይኖራል። የመዝገበ ቃላት አዘጋጁ ፎውለር በ1926 ባወጣው የአጠቃቀም መዝገበ ቃላት የመስተዋድዱን ክልከላ አጉል እምነት ብሎታል። እኔም ሁለቱን አልነካቸውም።

ቀይ እስክሪብቶ የማነሣው ማንም በማይጠይቀኝ ቦታ ነው። በአማርኛ «ሪፖርቱን ትናንት ልኬያለሁ» ቢባል ጆሮ አይጎረብጥም። ያንኑ ይዘን «አይ ሃቭ ሴንት ኢት የስተርዴይ» ስንል ግን ተሳስተናል፤ በ«ሃቭ» የሚነገረው ድርጊት ከአሁን ጋር ስለሚያያዝ፣ ያለፈና የተለየ ቀን አብሮት አይጠራም። «ሃቭ»ን ማውጣት ይበቃል።

ኮማም የሚናቅ አይደለም። በአሜሪካ የሜይን ግዛት ሕግ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የማያሰጡ ሥራዎችን ዘርዝሮ ሲጨርስ «ለማጓጓዝ ወይም ለማከፋፈል ማሸግ» ይል ነበር? ወይስ «ለማጓጓዝ ማሸግ» አንድ፣ «ማከፋፈል» ሌላ ሥራ ነበር? የሚለያቸው ኮማ አልነበረም። የኦክኸርስት ወተት ኩባንያ ሾፌሮች ያከፋፍላሉ እንጂ አያሽጉም፤ ክፍያው ይገባናል ብለው ከሰሱ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2017 ሕጉ አሻሚ ነው ብሎ ለእነሱ ፈረደ፤ በቀጣዩ ዓመት ኩባንያው 5 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ።

እንግዲህ ሳርም ራሴን የምጠይቀው፣ ዓረፍተ ነገሩ ሁለት ትርጉም ይሰጣል ወይ? አንባቢውንስ ያደናግራል ወይ? ብዬ ነው። ሁለቱም ከሌሉበት እተወዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይህን ፍርዴን ያስለውጠኛል፤ ጽሑፉ የሚሄደው ድሮ የተማረውን ክልከላ አጥብቆ ወደያዘ ፈታኝ ወይም ቀጣሪ ከሆነ፣ መስተዋድዱን ከመጨረሻ አንሡት እላቸዋለሁ። ያኔም ቢሆን «ስሕተት ስለሆነ» አልልም። ምክንያቱን አውቀው ቢታዘዙ፣ በሌላ ጊዜ ሳይፈሩ ይጽፋሉ።