ባትላሜራው ያልነካው ዳትሰን

ከቃሊቲ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ በአቃቂ በሰቃ ሲያልፉ የመዶሻ ድምፅ ከጋራዡ አጥር ተሻግሮ ይሰማል። እዚህ ጥሩ የባትላሜራ ባለሙያ የሚመሰገነው በአንድ ነገር ነው፤ መኪናው የት ጋ ተገጭቶ እንደነበር ባለቤቱን ራሱን እስኪጠፋው ድረስ ማስተካከል። የጎደጎደውን ላሜራ ከውስጥ በብረት ደግፎ፣ ከውጭ በመዶሻ ቀስ እያለ ያወጣዋል። የቀረውን ስቱኮ ይሞላዋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይላጋል፣ ቀለም ይረጭበታል። ዓይን ያልደረሰበትን እብጠት መዳፍ ያገኘዋልና፣ ከቀለሙ በፊት የመጨረሻው ፈተና መዳፍን በላሜራው ላይ ማንሸራተት ነው።

ይህ ትልቅ ሙያ ነው። ነገር ግን እጅን መሰብሰብ ከመዶሻ በላይ ችሎታ የሚጠይቅበት የመኪና ዓይነት አለ፤ እሱም የውድድር ታሪክ ያለው አሮጌ መኪና ነው።

በጃፓን ዛማ በምትባል ከተማ ኒሳን አሮጌ መኪኖቹን የሚያኖርበት መጋዘን አለ። በዚያ ከሚገኙት አንዱ ኒሳን በዳትሰን ስም የሠራው ባለሁለት በር 240ዜድ ነው። አካሉ ቀይ፣ ኮፋኖው ጥቁር፣ የውድድር ቁጥሩ 11 ነው። ላሜራው ተጎዳጉዷል፤ ከውድድር ሜዳ ትናንት የገባ ይመስላል። ያን መልክ ያገኘው ግን በ1963 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1971) በፋሲካ ሰሞን፣ በ19ኛው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ ነው።

ሳፋሪ በ1945 ዓ.ም. የእንግሊዟን ንግሥት የዳግማዊት ኤልሳቤጥን የዘውድ በዓል ምክንያት አድርጎ የተጀመረ ውድድር ነው። በዚያ ዘመን መንገዱ ለተወዳዳሪ ብቻ ተብሎ አይዘጋም ነበር፤ አውቶቡሱም ከብቱም በዚያው ያልፍ ነበር። ጊዜው የዝናብ ወቅት ስለነበረ አንዱ ቀን አቧራ፣ ሌላው ቀን ጭቃ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ከተነሡት 84 መኪኖች እስከ መጨረሻ የደረሱት 7 ብቻ ነበሩ። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ 93 ተነሥተው እንደገና 7 ደረሱ። በሁለቱም ጊዜ ያሸነፉት ኒክ ኖዊኪና ፓዲ ክሊፍ ናቸው። የነዱት ፔጆ 404 በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለረጅም ዘመን ሲያገለግል የታየው መኪና ዓይነት ነው፤ ጥንካሬውን ለማመን የእኛ አሽከርካሪ ሳፋሪን ማየት አላስፈለገውም።

ባለ 11 ቁጥሩን ዳትሰን የነዱት በኬንያ ይኖሩ የነበሩት ጀርመናውያን ኤድጋር ኸርማንና ሃንስ ሹለር ናቸው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ባለአራት በሩን ዳትሰን 1600 ነድተው አሸንፈዋል፤ ስለዚህ አገሩንም ጭቃውንም ያውቁት ነበር። 240ዜድ ግን በ1962 ዓ.ም. መጀመሪያ ገበያ ላይ የዋለ፣ ዝቅ ያለ፣ ባለሁለት ወንበር የስፖርት መኪና ነው። 2,393 ሲሲ ባለስድስት ሲሊንደር ሞተሩ ኃይለኛ ቢሆንም፣ ከ6,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የድንጋይና የጭቃ ጉዞ ይችላል ብሎ ለመወራረድ ድፍረት ያስፈልግ ነበር። መኪናው አንደኛ ወጣ። በተመሳሳይ ሞዴል የተወዳደረው ሼካር መህታ ሁለተኛ ሆነ። መህታ ራሱ በ1965 ዓ.ም. በ240ዜድ አሸነፈ፤ ያውም በቅጣት ነጥብ ከሌላ ዳትሰን ጋር እኩል ሆኖ፣ ያለ ቅጣት ረጅም መንገድ በመሄዱ ተለይቶ።

የአቃቂ መካኒክ በዚህ ታሪክ ውስጥ ቶሎ የሚገባው ነገር ካርቡራተሩ ነው። አቃቂ ከባሕር ጠለል 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ይበዛበታል። መካኒኩ ካንዴላውን ፈትቶ ጫፉን ያያል። ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው፤ ከነጣ ግን ቤንዚኑ አንሶ ሞተሩ እየተቃጠለ ነው። ችግሩ መኪናው አንድ ቦታ ተቀምጦ አለመቅረቱ ነው። አቃቂ ላይ ቤንዚኑ በልኩ የተቀነሰለት መኪና ወደ አዋሽና አፋር ሲወርድ፣ አየሩ እየወፈረ ሙቀቱም እየጨመረ ፒስተን እስከ መብሳት ይደርሳል። የሳፋሪ መካኒኮችም ከናይሮቢ ደጋ፣ 1,800 ሜትር ግድም ላይ፣ ወደ ባሕር ዳርቻ የሚወርድ መኪና ሲያዘጋጁ ጭንቀታቸው ይኸው ነበር። ለአንዱ ከፍታ ብቻ ያስተካከለ በሌላው ይቀጣል። በእኔ ግምት የዚያ ዳትሰን ድል ግማሹ የእነዚህ ስማቸው የማይነሣ ሰዎች ነው።

የውድድር መኪና ዝናው ሲወጣ ዋጋውም ይወጣል፤ አስመሳዩም ይበዛል። ተራውን 240ዜድ ቀይ ቀብቶ፣ ቁጥር ለጥፎ፣ መብራት ደርድሮ የሳፋሪ ማስመሰል ቀላል ነው። ስለዚህ መርማሪው ከቀለሙ ሳይሆን ከሻንሲና ከሞተር ቁጥሩ ይጀምራል። ፋብሪካ የመታው ቁጥር የፊደሉ ቅርጽና ርቀቱ የታወቀ ነው፤ ተፍቆ እንደገና የተመታ ከሆነ ዙሪያው ያለው ብረት ያሳብቃል። ቀጥሎ ተጨማሪ ብየዳው፣ ለመብራትና ለመከላከያ ብረት የተበሳው ቀዳዳ፣ በመጨረሻም ጉድጓዱ ይታያል። በውድድሩ ዕለት በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ያለ ጭረት ዛሬም በዚያው ቦታ ካለ፣ ከዚያ የበለጠ ምስክር የለም።

እ.ኤ.አ. በ2013 የኒሳን ሠራተኞች በፈቃደኝነት ያቋቋሙት የአሮጌ መኪኖች ጥገና ክበብ ይህን ዳትሰን ሥራ ላይ ሊያውለው ተነሣ። ሞተሩን ፈትተው አደሱ፤ መኪናው እንደገና በራሱ ኃይል ሄደ። አካሉን ግን ከነጉድጓዱ ተዉት። ሊያስተካክሉት አቅቷቸው አይደለም፤ መኪናውን የሠራው ፋብሪካ ነው፣ ላሜራውን አንድ ቀን አያውለውም። ሞተሩ ካልተነሣ መኪናው ሬሳ ነው፤ ጉድጓዱ ከተሞላ ደግሞ ማንኛውም ቀይ 240ዜድ ይሆናል። ይህን ድንበር ለይተው ማወቃቸው ከጥገናው ሁሉ የበለጠ ሙያ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ግድም በኢትዮጵያም የሃይላንድ ራሊ ይካሄድ ነበር። የዚያ ዘመን ቮልሶች፣ ፔጆዎችና ፊያቶች ዛሬም በየግቢው ቆመዋል። አብዛኞቹ ከሶማሌ ተራ በተገዛ ዕቃ ተጠግነው፣ ሞተራቸው ተቀይሮ፣ ቀለማቸው ሦስት አራት ጊዜ ተደርቦ የኖሩ ናቸው። ይህ አያስነቅፍም፤ መኪናው ቤተሰብ ማስተዳደር ነበረበት። የሚያሳዝነው በየጥገናው ማስረጃው አብሮ መጣሉ ነው። ሊብሬው ላይ የሰፈረው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር፣ የድሮው ታርጋ፣ ኮፋኖ ተከፍቶ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ፤ እነዚህ ከሌሉ አያት ተወዳደሩበት የተባለው መኪና ወሬ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ በግቢዎ የቆመ የዚያ ዘመን መኪና ካለ፣ ወደ ባትላሜራ ቤት ከመላክዎ በፊት ዙሪያውን ፎቶግራፍ ያንሡት። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ይጻፉና ከአሮጌው ሊብሬ ጋር ያስተያዩት። በፊት የተቀቡትን ቀለሞች ለማየት ከመቀመጫው ሥር ወይም ከበሩ ጠርዝ ጥቂት ቦታ ሳይፋቅ እንዲተውልዎ ባለሙያውን ይንገሩት። የድሮው ዘመን አሽከርካሪዎችና መካኒኮች በሕይወት ካሉም፣ ዛሬውኑ ሄደው ይጠይቋቸው።