የዛር ቤት እንደ ትምህርት ቤት፤ በሁለት የውጭ አገር ጽሑፎች ላይ የቀረበ ሐተታ

ስለ ጎንደር ዛር ከተጻፉት የውጭ አገር ሥራዎች ሁለቱ በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1958 ታትመዋል። አንደኛው ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በጎንደር ስላለው የዛር ልማድና ስለ ቴያትራዊ ጠባዩ በፓሪስ ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው ሳይመን ሜሲንግ ዛርን እንደ ቡድን ሕክምና ቆጥሮ በአንድ የአሜሪካ የአንትሮፖሎጂ መጽሔት ላይ ያወጣው ጽሑፍ ነው። ሁለቱም ብዙ ድካም የፈሰሰባቸው ስለ ሆኑ ልናቃልላቸው አልተነሣንም። ነገር ግን የፎገራ ልጆች እንደ መሆናችን ስናነባቸው አንድ ነገር ጎደለን። ይኸውም ባለዛሪቱ ሙያዋን ከማንና እንዴት እንደ ተማረች፣ ስትሳሳትስ ማን እንደሚያርማት አጥብቆ የሚጠይቅ ዓይን ነው።

ሌሪስ ጎንደር የደረሰው ማርሴል ግሪዮል ይመራው ከነበረውና ከ1931 እስከ 1933 እ.ኤ.አ. ከዳካር ተነሥቶ እስከ ጂቡቲ አፍሪካን ካቋረጠው የጥናት ቡድን ጋራ ነው። በ1932 መልካም አያሁ ወደምትባል የታወቀች ባለዛር ቤት እየተመላለሰ፣ በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ረዳትነት ያየውንና የሰማውን ሁሉ መዘገበ። ለዛሩ የሚታረደውን እስከ መግዛት ደርሷል። አሮጊቷ አባ ዮሴፍ በሚባለው ዛርዋ ስም ስትናገር ድምፅዋም አነጋገርዋም ይለወጣል፤ ሌላ ዛር ሲመጣ ደግሞ ሌላ ሰው ትሆናለች። ጉሪውም እንደ ዛሩ ይለያያል። ከዚህ ተነሥቶ ሌሪስ ነገሩ ለተመልካች ታስቦ የሚጫወቱት ሳይሆን ባለቤቶቹ ራሳቸው የሚኖሩት ቴያትር ነው አለ። አስተያየቱ ብልህ ነው። ዳሩ ግን ተዋናይ ሁሉ ልምምድ አለው፤ ልምምድም አለማማጅ አለው። ሌሪስ ይህን ጨርሶ አልዘለለውም፤ የቴያትርነቱ ማስረጃ አድርጎ ግን ያልፈዋል። የመልካም አያሁ ልጅ እማዋይሽ በ1934 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ ማስታወሻው ውስጥ ደጋግማ ትታያለች። እርሱ ሲያያት የሚመስጠው ውበትዋና ምሥጢርዋ ነው። እኛ ግን ከእናትዋ ሥር ሆና ሙያ የምትለምድ ተማሪ እናያለን።

ይህን ያሳየን የቤታችን ነገር ነው። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ በሚገነጠልበት ያለች ከተማ ናት፤ ርብና ጉማራ የሚያጥለቀልቁት ሜዳ በዙሪያዋ ተዘርግቷል። በዚህ አገር እስክስታን የሚያስተምር ሰው የለም። ልጅ በሠርግና በጥምቀት ትከሻን እያየ ትከሻውን ያፍታታል፤ በቃ። ጉሪ ግን እንዲህ አይደለም። አክስታችን ከሁለተኛ ልጅዋ በኋላ ስትታመም ወደ አንዲት ባለዛር ቤት ተወሰደች። መጀመሪያ የተሰጣት ሥራ ቡና መቁላትና ዕጣን ማጤስ ነበር። ቆይቶ ከበሮ ያዘች። የሚያጓራው ሰው ትንፋሹ ሲቆራረጥ ምቱን ማብረድ፣ ሰውነቱ እንደ ታሰረ ሲቀር ማፍጠን፣ የሚወድቀውን ራሱ መሬት ሳይነካ መቀበል፣ ዛሩ ሲጠየቅ ጭብጨባውን ዝም ማሰኘት፤ ይህን ሁሉ በዓመታት ለመደች። ማንም ትምህርት ነው አላላትም። እርስዋም ስንጠይቃት፣ «ዛሩ ያውቀዋል እንጂ እኔ ምን አውቃለሁ» ትላለች። እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የነገሩ ስም እንኳ ያስገሥጸን ስለ ነበር፣ አመታትዋን እንደ ሙያ ማየት የጀመርነው ኮሌጅ ከገባን በኋላ ነው።

ሜሲንግ ከሌሪስ ይልቅ ወደ ነገሩ ይቀርባል። ከሕመምተኞቹ የሚበዙት ባል ያገቡ ሴቶች መሆናቸውን አይቷል፤ ባለዛሩ ከዛሩ ጋራ ተከራክሮ ስሙንና ፍላጎቱን እንደሚያወጣ፣ ባለዛሩ ራሱም ቀድሞ የተያዘና ዛሩን የገራ ሰው እንደ ሆነ ጽፏል። ሕመምተኛዋም ተፈውሳ አትሰናበትም፤ ማኅበርተኛ ሆና ትቀራለች። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሕክምና ብሎ ከሰየመው በኋላ፣ ማንም ስለ ሐኪም የሚጠይቀውን ጥያቄ ሊጠይቅ ይገባው ነበር።

በውዝዋዜና በእንቅስቃሴ ማከም ዛሬ በሌላው ዓለም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ማሪያን ቼስ የምትባል አሜሪካዊት ጨፋሪ በ1942 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን ቅድስት ኤልሳቤጥ በሚባለው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሥራ ጀመረች። ሕሙማኑን በክብ አቁማ የእያንዳንዱን እንቅስቃሴ በራስዋ ገላ ተቀብላ መልሳ ታሳየው ነበር። በ1966 የአሜሪካ የውዝዋዜ ሕክምና ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያዋ ሊቀ መንበር እርስዋ ሆነች። አሁን በዚያ አገር ወደ ሙያው የሚገባ ሰው እስከ ማስተርስ ዲግሪ ይማራል፤ ስለ አካልና ስለ አእምሮ ያጠናል፤ ሩዶልፍ ላባን ባወጣው ሥርዓት እንቅስቃሴን መመልከት ይለምዳል፤ ቢያንስ 700 ሰዓት በተቆጣጣሪ ሥር ሆኖ ከሕሙማን ጋራ ይሠራል። የራሱንም ጭንቀት አስቀድሞ በገላው መመርመር አለበት። እዚህ ላይ ከአክስታችን ጋራ ይገናኛሉ፤ ሁለቱም ያላለፉበትን መንገድ ሌላውን አይመሩም።

የሚለያዩበት ግን ከዚህ የከበደ ነው። በዚያ ተማሪው ከሕመምተኛው ጋራ ሲንቀሳቀስ በገላው የተሰማው ነገር የራሱ ይሁን የሕመምተኛው እየለየ ለተቆጣጣሪው ይናገራል፤ ተቆጣጣሪውም «እዚህ ላይ ተሳስተሃል» ይለዋል። በዛር ቤት የተሰማው ሁሉ የዛሩ ነው፤ ዛሩን ተሳስተሃል የሚል የለም። በሠፈራችን የሚጥል በሽታ ያለበት አንድ ልጅ ሦስት ሌሊት ከበሮ ተመታለት። ከበሮው ያለ ጥርጥር ብርቱ ነበር። ጤና ጣቢያ የደረሰው በአራተኛው ቀን ነው። ሌሪስ ያንን ቤት ቢያየው ኖሮ ስለ ትዕይንቱ፣ ሜሲንግም ስለ ማኅበሩ ይነግረን ነበር፤ ከበሮ የያዘችው ሴት ይህን በሽታ ከዛር ለይታ እንድታውቅ ያስተማራት ሰው አለመኖሩን ግን ከሁለቱም አናገኝም። ሙያው መወገዝ አለበት ማለታችን አይደለም። አክስታችን የሰውን ትንፋሽ የምታዳምጠውን ያህል የሚያዳምጥ ሰው እስካሁን አላጋጠመንም፤ ይህ እንዲያው የሚጣል እውቀት አይደለም። እውቀት ነው ከተባለ ግን መታረም አለበት።

ነገሩ ለእኛ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ አይደለም። አክስታችን ደክማለች፤ ዛሩም ከእናት ወደ ልጅ ይወርሳል ይባላልና፣ ልጅዋ አሥረኛ ክፍል ሳለች ራስ ምታት ቢበረታባት «መጣባት» ተባለ። ልጅቱ ታማለች? ወይስ እናትዋ የያዘችውን ሙያ እንድትረከብ ተጠርታለች? አንዱ ሊቅ ተዋናይ፣ ሁለተኛው ሕመምተኛ ይላታል፤ ትምህርትዋን ትተው ወይስ ትቀጥል ለሚለው ግን ሁለቱም አይጠቅሟትም።

ባለፈው ክረምት የሜሲንግን ጽሑፍ እየተረጎምን አነበብንላት። ቡናውን እየቆላች ዝም ብላ ሰማችን። ስንጨርስ፣ «ጋሼ፣ የገባችው ሴት በስንት ዓመትዋ ትወጣለች ይላል?» አለችን።

«አትወጣም፤ ዕድሜ ልክ ነው ይላል» አልናት።

ምጣዱን ከእሳት አወረደችና፣ «እርሱንስ እኔም አውቀዋለሁ» አለች።