የትኛውን ከየትኛው?

«ይህን ከዚህ ጋር ስንደምረው ስንት ይመጣል?» ብዬ በጠመኔው ሰሌዳውን ነካ ነካ አደረግሁ። ብዙ እጆች ወጡ። ከፊት የተቀመጠች ማየት የተሳናት ልጅ ግን «መምህር፣ የትኛውን ከየትኛው?» አለችኝ። በሀብሩ ወረዳ በማስተምርበት ክፍል ይህ ከሆነ ዓመታት አለፉ።

የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሥልጠና ወስጃለሁ፤ ብሬልም አነባለሁ። አነጋገሬን ግን አንድም ቀን አድምጬው አላውቅም ነበር። «ይህ»፣ «እዚያ»፣ «ከላይ እንዳያችሁት» እያልኩ ትምህርቱን ለሚያዩት ብቻ ሳከፋፍል ኖሬያለሁ። አሁን ሰሌዳውን በቃሌ አነባለሁ፦ «ሠላሳ ስድስት፤ ከሥሩ ሃያ ሰባት። ስድስትና ሰባት አሥራ ሦስት። ሦስቱን በአንድ ቤት ጽፈን አንዱን ወደ አሥር ቤት እናሻግራለን።» መጀመሪያ ጊዜ ይበላብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ግን ከኋላ ተጣብበው የሚቀመጡት፣ ሰሌዳው በቅጡ የማይታያቸው ልጆችም መመለስ ጀመሩ።

መስማት የተሳነው ልጅ ሲመጣ ሌላው ልማዴ ተጋለጠ። እየጻፍኩ ሳወራ ፊቴ ወደ ሰሌዳው ነው፤ ከንፈሬም እጄም ከእሱ ይሰወራሉ። ስለዚህ አሁን ጽፌ እጨርስና እዞራለሁ፤ ከዚያ እናገራለሁ፣ በእጄም አሳያለሁ። በኢትዮጵያ የጣት ፊደል የእጁ ቅርጽ የፊደሉን ቤት፣ እንቅስቃሴው ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ድምፅ ይናገራል። ጣቶቼ ዛሬም ዘገምተኛ ናቸው፤ ልጁ ይታገሠኛል።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያም የእኛዋ መርሳም በጦርነት ውስጥ ነበሩ። ትምህርት እንደገና ሲጀመር የብሬል መጻፊያዎቹ፣ ስሌትና ስታይለስ፣ አልነበሩኝም። ያኔ ገበጣ ትዝ አለኝ። ጣውላ ላይ እንደ ብሬል ነጥቦች ስድስት ጉድጓድ፣ ሦስት ሦስት በሁለት ረድፍ ቁልቁል አስቦረቦርኩ፤ ለጠጠሩ ሽምብራ ያዝን። በግራ በኩል ያሉት ሦስቱ ሲሞሉ የ«ለ» ቤት ነው። «ሉ» ላይ ለዓይን ቅጥል ሆና የምትታየው ጭረት በብሬል ራሷን የቻለች ፊደል ናት፤ ከ«ለ» ቤት ምልክት ቀጥላ ትቀመጣለች። ልጆቹ ይህን በጣታቸው ዳብሰው ሲያገኙት ፊታቸው ይበራል። ለመጻፍ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ በስሌት ወረቀቱ ከቀኝ ወደ ግራ ይወጋል፣ ተገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ይህን ገበጣ አያስተምርም። ስሌቱም ወፍራሙ ወረቀትም የግድ ናቸው፤ እነሱን ለማግኘት ደጅ መጥናት አልሰለቸኝም።

እንዲህ ያለ ትምህርት ፍለጋ ሩቅ የተጓዙ አሉ። የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ የወሎ፣ የአማራ ሳይንት ልጅ ናት። በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ካጣች በኋላ ለትምህርት ሻሸመኔ ድረስ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ ከተባለው ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸላሚዎች አንዷ ሆነች። ስሟ ሲነሣ ሰው ሁሉ ሽልማቱን ያወራል፤ እኔን የሚከነክነኝ ያ ሁሉ መንገድ ነው። ማየት የተሳናት የእኔ ተማሪ ከመርሳ ሳትርቅ፣ ማታ ማታ እናቷ ጋ እየገባች ትማራለች። «ይህ» ባልኩ ቁጥር ግን ያንን መንገድ መልሼ በእሷና በእኔ መካከል እዘረጋዋለሁ።

በቅርቡ ክፍልፋይ ሳስተምር ደክሞኝ ነበር። «ይህንን ወደዚህ…» ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሱኝም፤ የሚያዩትም ጭምር በአንድ ድምፅ «መምህር፣ የትኛውን?» አሉኝ።