ግቢውን የበላ ፕላን

ልብ ወለድ ይተቻል፤ ሥዕል ይተቻል፤ ቴአትር ደግሞ መጋረጃው ሳይዘጋ ይታማል። ቤትን የሚሔስ ሰው ግን ብዙ አላየሁም። መጥፎ ልብ ወለድ የገዛ ሰው አጥፎ ያስቀምጠዋል፤ መጥፎ ቤት ያሠራ ግን ሲታመምም ሲያስታምምም እዚያው ነው። ስለዚህ፣ አንባቢዬ፣ ዛሬ ሒስ የማቀርበው በአንድ ወረቀት ላይ ነው፤ መርሳ ከተማ በእናቴ ግቢ ውስጥ ሊሠራ በታሰበ የቅጥያ ቤት ፕላን ላይ።

መርሳ ከወልድያ ወደ ደሴ ሲሄዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት። ወልድያ ላይ የደረቡትን ጃኬት መርሳ ላይ ያወልቁታል። የእናቴ ቤት አባቴ በባሕር ዛፍ ማገርና በጭቃ ያቆመው፣ ቆርቆሮ የለበሰ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ማንም ፕላን አላነሣለትም፤ ሐሳብ ግን አለው። የምሥራቁ መስኮት የጠዋት ፀሐይ ያስገባል። ከቀትር በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ሰው ሁሉ ግቢው መሐል ወዳለው ማንጎ ጥላ ይወጣል። ቡናው እዚያ ይፈላል፤ ሠርግም ለቅሶም ሲመጣ ዳሱ እዚያ ይጣላል። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው ስንል እንሳሳት ነበር፤ ሦስተኛውና ትልቁ ክፍል ግቢው ነበር።

ዐረብ አገር ስምንት ዓመት በሰው ቤት የሠራችው ታናሽ እህቴ ገንዘብ ላከችና «አራት ክፍል ይቀጠል፤ ሁለቱን እማዬ ታከራያቸው፣ ሁለቱ ስመለስ የኔ ይሁኑ» አለች። ፕላኑ ተነሣ። ያነሣው ሰው ግቢውን አላየውም፤ የቦታውን ስፋት በስልክ ጠይቆ ሠራው። ወረቀቱ ንጹሕ ነው፤ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። አራቱ ክፍሎች ከአሮጌው ቤት የምሥራቅ ግድግዳ ተነሥተው ግቢውን ሰንጥቀው ይሰለፋሉ፤ በሮቻቸው ወደ ቅያሱ፣ ጀርባቸው ወደ እናቴ። የምሥራቁ መስኮት ተደፍኗል። ማንጎው አልተሣለም። ምጣዱ የት እንደሚጣድ፣ ጭሱ በየት እንደሚወጣ የሚል ነገር የለም።

አሮጌና አዲስ የሚጋጠሙበትን ቦታ ደግሞ ፕላኑ በአንዲት መስመር አልፎታል። ቅጥያ ቤት የሚታመመው ግን እዚያው ላይ ነው። ብሎኬቱ በድንጋይ መሠረት ላይ ይቆማል፤ የጭቃው ቤት ቋሚ መሬት ውስጥ ሆኖ በእርጥበትና በምስጥ ቀስ በቀስ ያልቃል። ሁለቱ እኩል አይሰምጡም፤ ስለዚህ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል። የአዲሱ ጣሪያ ውኃ በአሸንዳ ካልተመራ ሐምሌና ነሐሴን የጭቃውን ግድግዳ እግር ሲያጥብ ይከርማል። የአዲሱን ጣሪያ እንጨት በአሮጌው ግድግዳ ላይ ማሳረፍ ደግሞ ሽማግሌን ማሸከም ነው። አገሩም የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ነው። ከዚያው ጠርዝ በስተደቡብ ማጀቴ ከተማን ያፈረሰው የ1953ቱ የካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ተረት አይደለም።

ጥፋቱን ሁሉ ግን በፕላን አንሺው ላይ መጫን ፍርድ አይሆንም። ክፍል መቁጠር የለመድነው ሁላችንም ነን። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተወለት፤ ቤት ማከራየትም ከግለሰብ እጅ ወጣ። ትርፍ ክፍል የሥጋት ምንጭ ሆነ። ከ1983 በኋላ ነገሩ ተገለበጠና ትርፍ ክፍል እንጀራ ሆነ። በየከተማው በየጓሮው የሚሰለፈው «ሰርቪስ» የዚህ ታሪክ ልጅ ነው። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ ግንባታ ያለ ፈቃድ እንዳይጀመር ደነገገ፤ መልካም ነው። እኛ ግን ፕላንን የፈቃድ ማግኛ ወረቀት ብቻ አደረግነው። ማኅተም ካረፈበት አበቃ።

ይህ የሚሆነው እንግዲህ በላሊበላ አገር በሰሜን ወሎ ነው! አለቱን ከላይ ወደ ታች የጠረበ ሰው የተሳሳተውን መልሶ መለጠፍ አይችልም፤ ከመፈልፈሉ በፊት በሩንም መስኮቱንም በልቡ ጨርሶ መሥራት ነበረበት። እኛ መለጠፍ ስለምንችል ማሰብን ለኋላ አስተላለፍነው።

እዚህ ላይ ራሴንም ልተች። አዲስ አበባ ተቀምጦ ስለ ማንጎ ጥላ መቆርቆር ቀላል ነው። ክረምቱን ከጥላ በታች የሚያሳልፍ የለም፤ የእህቴም ድካም ወደ ክፍል ካልተለወጠ ወደ ምን ይለወጣል? ባለፈው ጥር ወረቀቱን ይዤ መርሳ ወረድኩና ለእናቴ መስኮቱ እንደሚደፈን፣ ማንጎው እንደሚቆረጥ በሐዘን አስረዳኋት። ያን ሁሉ ጊዜ እሷን የጠየቃት አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

ዝም ብላ ሰማችኝና ጣቷን ወረቀቱ ላይ አኖረች። «በራቸው በየት ነው?»

«በቅያሱ በኩል።»

«ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሊኖሩ ነው? ልጄ፣ እኔ የቸገረኝ ክፍል አይደለም፤ ሰው ነው። በራቸው ወደኔ ይሁንና ቡና ስጠራቸው ይስሙኝ።»

የኔ ሒስ የዛፍ ሒስ ነበር፤ የሷ የሰው ነው። ከአንድ ግንበኛ ጋር ተቀምጠን ሌላ ንድፍ አወጣን። ክፍሎቹ ከአሮጌው ቤት ሜትር ተኩል ይርቃሉ፤ አጥሩን ይዘው ይሄዳሉ፤ በራቸው ወደ ግቢው ይዞራል። መስኮቱ ይተርፋል፤ ማንጎውም ይተርፋል። ግን አራቱ ሦስት ሆኑ።

ለእህቴ ደወልኩላት። «የቀረው የማን ክፍል ነው?» አለችኝ። የኪራዩ ክፍል ቢቀነስ የእናቴ ገቢ ነው፤ የሷ ቢቀነስ የስምንት ዓመቷ ግማሽ ነው። ይህን ሒስ እስክጽፍ ድረስ መልስ አልሰጠኋትም። መሠረቱ ግን ገና አልተቆፈረም፤ ጥያቄው የሚጠየቅበት ጊዜም ይኸው ነው።