የሕመምተኛው ቃል በማን አንደበት?

ሐኪም ከሚለካው ትኩሳትና የደም ግፊት ሌላ፣ ሕመምተኛው ራሱ ስለ ጤንነቱ የሚሰጠውን ቃል እንደ ማስረጃ የሚቀበል የምርምር መንገድ በዚህ ዘመን እየተስፋፋ ሄዷል። መንገዱን እንደግፋለን። የምንተቸው ከመሣሪያዎቹ አንዱን፣ ይኸውም ኢኪው ፋይቭ ዲ የተባለውን መጠይቅ ነው፤ ያውም አሶሳ ላይ ቆመን ስናየው።

መጠይቁ ስለ አምስት ነገሮች ይጠይቃል፤ ስለ መንቀሳቀስ፣ ራስን ስለ መንከባከብ፣ ስለ ዘወትር ሥራ፣ ስለ ሕመምና ስለ ጭንቀት። ለያንዳንዱ አምስት ደረጃ ስላለው 3,125 ዐይነት የጤና ሁኔታ ይወጣዋል። የአማርኛ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ከ1,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተጠይቀው ለነዚህ ሁኔታዎች አገራዊ የዋጋ ሠንጠረዥ ታትሟል። በሌላ አገር ሰው ሚዛን ከመመዘን ያዳነን ስለሆነ ሥራው ይመሰገናል። ይሁን እንጂ ሠንጠረዡ ከተገኘባቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ ዐሥር ዓመት ታሞ ከመኖርና ያነሰ ዓመት በጤና ከመኖር የቱ ይሻላል የሚል ነው። ዕድሜ በፈጣሪ እጅ ነው ሲባል ሰምቶ ላደገ ሰው ይህ የገበያ ክርክር ሳይመስለው አይቀርም።

ዋናው ነቀፋችን ግን ሌላ ነው። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ቢሆንም በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ማኦውና ኮሞው የየራሱ ቋንቋ አለው። አንዲት የበርታ እናት አማርኛ የማታውቅ ብትሆን፣ ጠያቂው በአማርኛ ያነባል፤ ልጇ ወይም ጎረቤቷ ያስተረጉማል፤ «ትንሽ» እና «መጠነኛ» የተባሉት ደረጃዎች በአስተርጓሚው አፍ አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። ቁጥሩ ከተጻፈ በኋላ ሕመምተኛዋ ተናገረች ይባላል። የተናገረው ማን ነው? በልጅ ፊት የማይነገር ሕመም መኖሩንም አንርሳ።

ነገሩ በአንድ በሽታ ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። በክልሉ ፈጣን ወንዞች ዳር በጥቁር ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ኦንኮሰርካይሲስ የሚባል በሽታ አለ። በአገራችን ጎልቶ የሚታየው ዐይን ማሳወሩ ሳይሆን እንቅልፍ የሚነሣው የቆዳ ማሳከክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ መሠረት የበሽታው መተላለፍ መቆሙ የሚታወቀው ከዐሥር ዓመት በታች ባሉ ልጆች ደምና በዝንቦቹ ምርመራ ነው። ለዚህ ጉዳይ ትክክል ነው። ነገር ግን ሌሊቱን ስታክ የምታድር ሴት በዚህ ቁጥር ውስጥ የለችም። ኢኪው ፋይቭ ዲም ቢሆን ማሳከክን ለይቶ አይጠይቅም፤ እርስዋ ከሕመም ትቁጠረው ወይስ ከጭንቀት?

ማሳከክን በመጀመሪያው ጥያቄው የሚያነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በካርዲፍ የተዘጋጀ ባለ ዐሥር ጥያቄ የቆዳ መጠይቅ አለ። በደቡብ ኢትዮጵያም በባዶ እግር ከመሄድ በሚመጣው የዝሆኔ በሽታ ሕመምተኞች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። ይህ መጠይቅ በበርታና በጉሙዝ ቋንቋ፣ ማንበብ ለማይችል በቃል እየተነገረ እንዲፈተን እንጠይቃለን። እስከዚያው ድረስ ከአሶሳ የሚወጣ ማንኛውም ጥናት ከቁጥሩ አጠገብ ጥያቄው በምን ቋንቋ እንደ ተጠየቀና ማን እንዳስተረጎመው ይጻፍበት።