ጭስ ማውጫ ያለው ቤት

ሐምሌ ሲገባ ከመገናኛ ወደ ኮተቤ የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ ላምበረት ስትደርሱ፣ እስቲ የትምህርት ቤቶቹን አጥር እዩልኝ። ባነር በባነር ነው። «ሰመር ካምፕ! ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ኮምፒዩተር፣ ቴኳንዶ፣ ሥዕል! ምዝገባ ጀምረናል!» ሥዕል ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚጻፈው፤ አንዳንዴም ቦታ ስለሚያንስ ፊደሉ ጠበብ ብሎ። ቢሆንም ተጽፏልና እሰየው ነው። የዛሬው ነገሬ ታዲያ ሥዕል ለምን ተጻፈ አይደለም፤ ምን እየተባለ ነው የሚማሩት ነው።

ከስሙ እንጀምር። የሰመር ካምፕ አገሩ አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 ፍሬድሪክ ገን የሚባል የኮነቲከት መምህር ተማሪዎቹን አስከትሎ በእግር ወደ ባሕር ዳርቻ ወረደ። ድንኳን ተክለው ሁለት ሳምንት ያህል ሰነበቱ፤ ዓሣ አጠመዱ፣ በጀልባ ቀዘፉ። የካምፕ መጀመሪያ ይኸው ነው ይባላል። ኋላ የሥዕልና የእጅ ሥራ ሰዓትም ተጨመረበት። ሐሳቡ ግን ያው ነው፦ ልጁ ዓመቱን ሙሉ ከተቀመጠበት ወንበር ይነሣ፣ ውጭ ይውጣ፣ ያየውን በእጁ ይሞክር።

እኛ ስሙን አመጣነው፤ ሜዳውን እዚያው ተውነው። የእነሱ ሐምሌ ፀሐይ ነው፣ የእኛ ሐምሌ ዶፍ። ስለዚህ የላምበረቱ ልጅ በሰኔ ተፈትኖ በወጣበት ክፍል፣ እዚያው ዴስክ ላይ ተመልሶ ይቀመጣል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የመምህሩ ድምፅ አይሰማም። ይሁን፣ ዝናብ የሰው ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው።

ወረቀቱን እንየው። ሁለት ቡናማ ሦስት ማዕዘኖች፣ ተራራ መሆናቸው ነው። በመሃላቸው ቢጫ ፀሐይ፣ ጨረሯ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረ። ከሥር አንድ ቤት፤ ጣሪያው ቀይ፣ ጣሪያው ላይ ጭስ ማውጫ፣ ከጭስ ማውጫው ጥቅልል ጭስ። ከጎኑ ፖም ያፈራ ዛፍ። 30 ልጅ፣ 30 ወረቀት፣ አንድ ሥዕል!

እንግዲህ ልብ በሉ። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ፀሐይ በወጉ ከታየች ስንት ቀኗ! በስተሰሜን የየካ ተራራ ከእንጦጦ ጋር ተያይዞ ቆሟል። ቡናማ አይደለም፣ እንደ እርሳስ ጫፍም አልሾለም። ጠዋት ጉም ለብሶ ግራጫ ነው፤ ረፋድ ላይ ገለጥ ሲል ባሕር ዛፉ ጠቁሮ ይታያል። የሰፈሩ ቤት ደግሞ ወይ ቆርቆሮ ነው፣ ወይ ጣሪያው ጠፍጣፋ ፎቅ። ላምበረት ላይ ከጣሪያው ጭስ ማውጫ የወጣለት ቤት ካገኛችሁ ንገሩኝ። የእኛ ጭስ በበርና በመስኮት ነው የሚወጣው።

የሚያስቀው ደግሞ ባሕር ማዶ ያለው ነው። ውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸው አገራቸውን እንዳይረሱ በእረፍት ወራት ሰብስበው ፊደል ያስቆጥሯቸዋል፣ ሥዕል ያስቀልሟቸዋል። ምን? ጎጆ ቤት፣ ጀበና፣ መሶብ። ጭስ ማውጫ ባለው ቤት የሚያድረው ልጅ ጎጆ ይቀልማል፤ የላምበረቱ ልጅ ጭስ ማውጫ ይቀልማል። ሁለቱም ያላዩትን ይስላሉ። የዚያኛውን ናፍቆት ነው እንበል። የእኛንስ ምን እንበለው?

መልሱ መዝጊያው ቀን ላይ ነው። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ወላጅ ይጠራል፣ ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ይደረደራል፣ ሰርተፊኬት ይታደላል። «ቲቸር፣ የእኔ ልጅ የቱን ነው የሳለው?» ትላለች እናት። መምህሩ ይቺ ጥያቄ እንደምትመጣ አስቀድሞ ያውቃል። እናም በመጨረሻው ሳምንት እርሳሱን ከልጁ እጅ ይቀበልና የተጣመመውን ያቃናል፣ የፈሰሰውን ቀለም ይሸፍናል። መዝጊያው ዕለት የአንድ ሰው እጅ በ30 ስም ይሰቀላል። እናት «ጎሽ የኔ ጌታ!» ብላ ትስማለች።

ልጁ ግን ያውቃል። የተጨበጨበው ለሱ መስመር እንዳልሆነ፣ የሱ መስመር የሚታረምና የሚደበቅ እንደሆነ ገብቶታል። ትንሽ ከፍ ሲል «እኔ ሥዕል አልችልም» ይላል። ማን ነገረው? እኛ፣ እያጨበጨብን።

መምህሩ ላይ ብቻ መፍረድ ግን ደግ አይደለም። ለሁለት ወር ተቀጥሮ፣ አንድ ፓኬት ከለር ለ30 ልጅ እያከፋፈለ የሚሠራ ሰው ነው። ደፍሮ ልጆቹን ጭቃ ቢያስቦካ «ከፍዬ አስተምሬ ልጄን ጭቃ ያስነካኛል?» የሚል ወላጅ አያጣም። ንጹሕ ወረቀት የሚፈልገው ወላጁ ነው፤ እሱ ያቀርባል።

«መቅዳት እኮ የአባቶቻችን ነው» የሚለኝም ይኖራል። እውነት ነው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ከመምህሩ ሥር ሆኖ እየቀዳ ነው የተማረው። ግን የሚቀዳውን ምክንያቱን ያውቅ ነበር። ጻድቁ ፊቱ ሙሉ፣ ሁለት ዓይኑ የሚታይ፤ ክፉው በጎን የዞረ፣ ባለ አንድ ዓይን። የጭስ ማውጫውን ምክንያት የሚነግረኝ ማን ነው?

ልጁን ዝም ብሎ መልቀቅም መፍትሔ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1897 ፍራንዝ ቺዜክ ቪየና ውስጥ የልጆች የሥዕል ክፍል ከፍቶ «አላርምም» አለ፤ በዓለም ታወቀ። ተቺዎቹ ግን የልጆቹ ሥራ እርስ በርሱ ይመሳሰላል አሉት። እርማት ቢቀርም የመምህር ዓይን አይቀርምና። የመምህሩ ሥራ እንግዲህ መሳል ሳይሆን መጠየቅ ነው። «ተራራው ዛሬ ምን ይመስላል? ትላንትስ?» ብሎ መጠየቅ ከለር አይጨርስም። ከሰል ከየቤቱ ይገኛል። ጭቃማ በሐምሌ ሞልቶ፤ የገጠር ልጅ ያለ መምህር የጭቃ በሬ ይሠራ የለ? ስሙ ላም በረት በሆነ ሰፈር ላም ከጭቃ መሥራት እንዴት ያቅታል?

ባለሙያም የለንም አይባልም። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም የመሠረቱት፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ስንቱን አስመርቋል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርትም ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የክወናና የእይታ ጥበባትን አስገብቷል። ክረምቱ ታዲያ በዓመት ውስጥ ማርክ የሌለበት ብቸኛው ወቅት ነው፤ ልጅ ሳይፈራ የሚያበላሽበት። ሁሉም ሠዓሊ ይሁን አላልኩም። ነገ ሐኪምም ይሁን ነጋዴ፣ ፊቱ ያለውን ነገር በራሱ ዓይን ማየት ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ባነሩ ላይ ያለው ስልክ ቁጥር ላይ ስትደውሉ፣ ከዋጋው ቀጥሎ አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ «ልጆቹ ለሥዕል ከክፍል ይወጣሉ ወይ?» በሉ። «ኧረ ዝናብ ነው እኮ!» ካሏችሁ፣ በረንዳ ላይ ቆመው ዝናቡን ይሳሉታ!